«አልችልም» ያሉት ሰብሳቢያችን

በእኛ አገር «ሰብሳቢ መሆን እፈልጋለሁ» ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው ዓይን አውጣ ነው። ሴት ስትሆን ደግሞ ዓይን አውጣነቱ እጥፍ ይሆናል። ይህን ሳላውቅ ያደግሁ እንዳይመስላችሁ። አባቴ የደብር አገልጋይ ስለነበሩ እቤታችን የሚወራው ስለ ደጋግ አባቶች ነበር፤ ሊሾሟቸው ሲመጡ በጓሮ ስለጠፉት፣ ዋሻ ገብተው ስለተሸሸጉት፣ ተይዘው እያለቀሱ ወንበሩ ላይ ስለተቀመጡት። የሸሸ ይሾማል፣ የፈለገ ይታለፋል። በልጅነቴ ይህ ወሬ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ስሰማው ግን ያመኛል፤ ምክንያቱም ያንኑ ወግ ተሸክመን ሄደን ስለ ኦክስጅን ሲሊንደር ለሚነጋገር ኮሚቴ ሰብሳቢ መረጥንበት።

እስቲ ከመነሻው ልንገራችሁ።

እኔ የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ ነኝ። ደብዳቤ ላይ ኢንጂነር ይሉኛል፤ ግቢው ውስጥ ግን «ያቺ ማሽን የምትሠራው ልጅ» ነኝ፤ ሽበት ካወጣሁም በኋላ ልጅ ነኝ። ጎንደር ተወልጄ፣ ጎንደር ተምሬ፣ ጎንደር እሠራለሁ። ሥራዬ የቆመውን ማስነሣት ነው፤ የሕፃናት ማሞቂያውን፣ የደም ግፊት መለኪያውን፣ የኦክስጅን ዕቃውን። ሥራዬን እወደዋለሁ። ጠባይሽ ግን ለሥራሽ አይሆንም ይሉኛል፤ ቶሎ እቆጣለሁ፣ ብሎን አልፈታ ሲለኝ ከብሎኑ ጋር እጣላለሁ።

አክስቴ የምትኖረው አይከል ነበር። አንድ ክረምት ሳንባዋን ታመመችና ከተማው አቅራቢያ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ አስገቧት። ተደውሎልኝ ስደርስ ከንፈሯ ጠቁሯል። የኦክስጅን ሲሊንደሩ አጠገቧ ቆሟል፤ ሙሉ ነው። ከሲሊንደሩ አፍ ላይ ታስሮ አየሩን እየመጠነ የሚያወጣው ሬጉሌተርም አለ፤ አዲስ ነው፣ ላስቲኩ እንኳ አልተገፈፈም። ሁለቱ ግን አይገጥሙም። ሲሊንደሩ የመጣው ከአንድ ለጋሽ፣ ሬጉሌተሩ የመጣው ከሌላ ለጋሽ፤ የአንዱ አፍ እንደ ብሎን የሚጠመዘዝ፣ የሌላው አንገት በጎን ተቆንጥጦ የሚያዝ። ሁለቱም ደኅና ዕቃ ናቸው። በመካከላቸው አክስቴ ትንፋሽ አጥሯት ተኝታለች።

«ምነው እንዲህ ይደረጋል?» ብዬ ጮህኩ፤ ማን ላይ እንደምጮህ አላውቅም። የጤና ጣቢያው ጠጋኝ የጭልጋ ልጅ ነው፣ ቀጭን፣ ቃል የማያባክን ሰው። ሁለቱን በእጁ አጋጥሞ ይዞ፣ እያፏጨ የሚያመልጠውን አየር በመዳፉ እያፈነ፣ መኪና እስኪገኝ ድረስ ከአጠገቧ አልተነሣም። የምታገኘው ግማሹን ነበር፤ ግማሹም ነፍስ ሆናት። አክስቴ ተረፈች፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ጎንደር እስክንደርስ በመንገዱ ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ይህ የገንዘብ እጦት አይደለም፤ ዕቃው አለ። የዕውቀት እጦትም አይደለም። የመስማማት እጦት ነው። በዚህ አካባቢ ያሉ ሐኪም ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ቁጭ ብለው «ከእንግዲህ የምንገዛውም የምንቀበለውም ይህን ዓይነት አፍ ብቻ ነው» ቢሉ ነገሩ አለቀ። ደግሞስ ይህን ለማለት ምን ይጠይቃል? ሰው መሰብሰብና መወሰን ብቻ አይደለም እንዴ? ያን ጊዜ እንዲህ ነበር የሚመስለኝ።

ኮሚቴው የተቋቋመው ከዚያ በኋላ ነው። ከየተቋሙ አንድ አንድ ሰው ተወከለ፤ ከጎንደር፣ ከአይከል፣ ከማክሰኝት፣ ከላይ ከደጋውም። ሥራው የጋራ ደረጃ ማውጣት ነው፤ የሲሊንደሩ አፍ፣ የሬጉሌተሩ አንገት፣ የሶኬቱ ዓይነት አንድ እንዲሆን፣ የአንዱ ዕቃ ሲሰበር ሌላው እንዲያውሰው። ስትሰሙት ያዛጋችሁ ይሆናል፤ አልፈርድባችሁም። እኔ ግን የአክስቴን ከንፈር አይቻለሁ።

የመጀመሪያ ቀን አንድ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን፤ ውሃ በየጠርሙሱ፣ ብስኩት በየሳህኑ። «ሰብሳቢ ይመረጥ» ተባለ። ዝም። ሁሉም ጠረጴዛውን ያያል። ወጉ የታወቀ ነው። ራሱን የሚጠቁም የለም፤ ሌላ ሰው ይጠቁመዋል። ተጠቋሚው ብድግ ብሎ «ለዚህ የምበቃ አይደለሁም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» ይላል። «ኧረ ይገባዎታል!» ይባላል። ደግሞ እምቢ ይላል፣ ደግሞ ይለመናል። ሦስተኛው እምቢታ ላይ ይጨበጨባል። በእኛ ዘንድ ሦስተኛው እምቢታ «እሺ» ማለት ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ «እሺ» ያለ ሰው ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ይወራበታል።

እኔ እጄን አወጣሁ። «እኔ መሆን እፈልጋለሁ» አልኩ። «እንዴት እንደምሠራው አስቤበታለሁ። የሚመጣው ክረምት ሳይገባ ጨርሼ አስረክባችኋለሁ።»

አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የብስኩት ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ብቻ ሆነ። ከኋላዬ አንዱ በለሆሳስ «ወይ ጉድ!» አለ። ለጸሐፊነት የተቀመጠው ሰውዬ የቀሳውስት ዘር ነው፤ ደግ ሰው ነው፣ ምሳሌ ካልጨመረበት ሰላምታ እንኳ አይሰጥም። ፈገግ ብሎ «እኅታችን፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል» አለኝ። ሳቁ። እኔ መቼ አስችሎኝ! «መማሩንማ ተምሬያለሁ፤ የከለከላችሁኝ ጥምጣሙን ነው» አልኩት። አሁንም ተሳቀ፤ ይኸኛው ሳቅ ግን ቀዝቃዛ ነበር። ያኔ ያለቀልኝ ይመስለኛል።

ከዚያ አንዱ ተነሥቶ መምህሬን ጠቆመ።

መምህሬ ያልኩት ሙያውን ያስተማሩኝን ሰው ነው። የአዳራሹን ግማሽ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ረጅም ናቸው፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ፣ ከኮታቸው ኪስ የተቀረጸ እርሳስ የማይጠፋ። ተማሪ ሲሳሳት «ተሳስተሃል» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም፤ «እስቲ አብረን እንየው» ነው የሚሉት። ሰው አሳፍረው አያውቁም። ሥዕላቸው ደግሞ! አንዱን ማሽን ልብሱን አውልቀው፣ አንጀቱን ዘርግተው፣ እያንዳንዷን ብሎን በየቦታዋ አስቀምጠው በእርሳስ ሲሥሉት ማሽኑ ራሱ እንደዚያ አያምርም። ሥዕሎቹን የሚያጠራቅሙት ለመጽሐፍ ነበር፤ በአማርኛ የሚጻፍ የጠጋኞች መጽሐፍ። እንግሊዝኛ መመሪያ ላይ አፍጥጠን ለምንውል ሰዎች ያ መጽሐፍ ምን ማለት እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል። ተማሪ ሆነን «መምህር፣ መቼ ያልቃል?» እንላቸው ነበር። «ጡረታ ስወጣ፣ ጊዜ ሳገኝ» ይሉናል። ያን ሰሞን ጡረታ መውጣታቸው ነበር።

ተነሡ። «አልችልም» አሉ። «ለዚህ ሥራ የምሆን ሰው አይደለሁም።»

«ኧረ ይገባዎታል!»

«ሰው ማስቀየም አይሆንልኝም። ይህ ደግሞ አንዱን ወገን ማስቀየም የግድ የሆነበት ሥራ ነው።»

ሰዉ በፍቅር እርስ በርሱ ተያየ። አይ ትሕትና! አይ አነጋገር! እንዲያውም አጠገቤ ያለው ሰው ደረቱን ነካ አደረገ።

ሦስተኛ ጊዜ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ዓይኔ እየደከመ ነው። ሳይጠፋ የምጨርሰው ነገር አለኝ» አሉ።

ተጨበጨበ። ጸሐፊው ብድግ ብሎ «ሹመት ያዳብር!» አለ። «ዓይኔ ደከመ፣ ጉልበቴ ከዳኝ» ማለት የትልቅ ሰው ወግ ነው፤ ማን ቁም ነገር ብሎ ይሰማዋል? መምህሬ እንደቆሙ ቀሩ። ዙሪያውን አዩ። አፋቸውን ሊከፍቱ ብለው ተዉትና ተቀመጡ።

እኔማ ንድድ አልኩ። «እፈልጋለሁ ስል ተሳቀብኝ፤ እሳቸው እምቢ ብለው ወሰዱት። ዘዴውን ያውቁበታል» አልኩ በሆዴ። ያቺ ሐሳብ ሆዴ ውስጥ ቤት ሠርታ ለዓመታት ተቀመጠች።

ዓመታቱ እንዴት አለፉ? በስብሰባ አለፉ። ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ፤ የሚጠመዘዘውን ዓይነት የሚፈልግና የሚቆነጠጠውን የሚፈልግ። እኔም ስም አወጣሁላቸው፣ ጠምዛዦችና ቆንጣጮች አልኳቸው። ስሙ ጸደቀ፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው እየሳቁ ይጠሩበት ጀመር። የሚሟገቱት ስለ በሽተኛ እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዱ የሚሟገተው እመጋዘኑ ውስጥ ለተከመረው ዕቃ ነው። የእሱ ዓይነት ከተመረጠ ዕቃው ይሠራል፤ ካልተመረጠ «ለምን አስገባኸው?» ብሎ የሚጠይቀው አለቃ አለበት።

መምህሬ ለሁሉም ዕድል ይሰጣሉ። ሁሉም ይናገራል፤ ተናግሮ የጨረሰውም ደግሞ ይናገራል። አንዱ ፊቱ ጠቆር ሲል «እስቲ ሻይ እንጠጣ» ይላሉ። ከሻይ መልስ «ሁለቱም ሐሳብ ሸጋ ነው፤ ለሚቀጥለው ጊዜ አስበንበት እንምጣ» ብለው ይዘጋሉ። ለሚቀጥለው አስበንበት እንመጣለን፤ ያው ነው። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

አንድ ጊዜ «ድምፅ ይሰጥና ይለቅ» አልኩ።

«ድምፅ ከሰጠን የተሸነፈው ወገን ይከፋዋል» አሉኝ በዚያ በለሰለሰ ድምፃቸው።

«ይክፋዋ! አየር ያጠረውስ ሰው አይከፋውም?»

እሳቸው አልተቆጡኝም። መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ጠረጉና «እውነትሽን ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ሻይ ሄድን። እኔን የበለጠ የሚያበግነኝ ያ አለመቆጣታቸው ነበር። ቢቆጡኝ እኮ እገላገል ነበር።

ያ አክስቴን በመዳፉ ያተረፋት የአይከሉ ጠጋኝም የጤና ጣቢያው ተወካይ ሆኖ ይመጣ ነበር። በየስብሰባው ከሁላችን ቀድሞ ይደርሳል። ከቦርሳው የሲሊንደር አፍና ያንን የማይገጥም ሬጉሌተር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣቸዋል። «አያ፣ ዛሬ ይወሰናል?» ይላቸዋል መምህሬን፣ እንደ አገሩ አጠራር። «እንግዲህ እናያለን ልጄ» ይሉታል። ስብሰባው ሲያልቅ ሁለቱን ዕቃዎች መልሶ ቦርሳው ውስጥ ይከታቸዋል፤ ምንም አይልም፤ አውቶቡስ እንዳያመልጠው ይፈጥናል። ያ ዝምታው ከእኔ ጩኸት የበለጠ ያሳፍራቸው እንደነበረ በኋላ ነው የነገሩኝ።

አንድ ቀን ከስብሰባ ወጥተን ወደ ፒያሳ አብረን ወረድን። ደረጃውን ሲወርዱ በእግራቸው እየዳሰሱ ነበር፤ አየሁ፣ ግን ልብ አላልኩም። «አንቺ ብትሆኚ ኖሮ እስካሁን ያልቅ ነበር» አሉኝ ድንገት።

«ኧረ ይተዉ እንጂ መምህር!» አልኳቸው።

ይተዉ እንጂ! ሌላ ምን ይባላል? እንዲህ ሲባል እንዲህ ይመለሳል፤ ከአፍ የሚወጣው ሳይታሰብበት ነው። በሆዴ ግን «ደግሞ ይቀልዱብኛል» እያልኩ ነበር። ሰውየው የሚነግሩኝ ጥርት ያለ እውነት ነበር። የሚያሳዝነው፣ የሚናገሩት እውነት ሁሉ በእኛ ጆሮ ሲደርስ ትሕትና ይሆን ነበር። «አልችልም» ሲሉ ትሕትና ነው። «አንቺ ትሻያለሽ» ሲሉ ትሕትና ነው። «ልቀቁኝ» ብለው ስንት ጊዜ ጠየቁ! «እርስዎ ከሌሉማ ኮሚቴው ይፈርሳል» እየተባለ ይጨበጨብላቸዋል። የለመኑ ቁጥር ክብራቸው ይጨምራል፤ ክብራቸው በጨመረ ቁጥር ገመዱ ይጠብቅባቸዋል።

ያመንናቸው አንድ ጠዋት ነው። የዕለቱን አጀንዳ ሊያነቡ ወረቀቱን አነሡ። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ ወደ መስኮቱ ዞሩ፣ በጣታቸው መስመሩን ፈለጉት። ከዚያ ወረቀቱን ለጸሐፊው ዘረጉና «አንተ አንብበው፣ እኔ አላየሁትም» አሉ። ጸሐፊው ምሳሌ አልጨመረም። በሚቀጥለው ስብሰባ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ አመጣቻቸው። ያን ጊዜ ነው «ለካ እውነታቸውን ነው!» የተባባልነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏችኋል ይኸው ነው። የሰውን እምቢታ ለማመን ዓይኑ እስኪጠፋ የሚጠብቅ ሕዝብ አይታችኋል? እኛን ተመልከቱ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤበታለሁ። የሃይማኖት አባት ሲመረጥ ሽሽቱ ትርጉም ይኖረው ይሆናል፤ በዚያ አልገባም፣ የአባቴ አጥንት ይፈርድብኛል። ደረጃ ለሚያወጣ ኮሚቴ ግን የሚያስፈልገው ቅዱስ ሰው አይደለም። ክርክሩ የበሰለ ሲመስለው «በቃ፣ እጅ አውጡ» የሚል ሰው ነው፤ የሚቀየመውን ተቀይሞ የሚሸኝ ሰው። እንዲያ ያለው ሰው ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ሰብሳቢነቱን ይፈልገዋል። መፈለጉ ኃጢአት አይደለም። «ለምን ፈለግኸው? በምን ታበቃዋለህ? መቼ ትለቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። እምቢ ያለውንም እንደዚሁ መጠየቅ ነው። እኛ ሁለቱንም አንጠይቅም፤ የፈለገውን እንስቅበታለን፣ እምቢ ላለው እናጨበጭባለን። ያከበርናቸው መስሎን ነበር እኮ! ከእኛ መካከል መምህሬን የሚጠላ አንድም ሰው አልነበረም። በፍቅር ነው ያጠፋናቸው፤ እኔን ይኸው ነው የሚያንገበግበኝ።

የሽኝታቸው ዕለት ጋቢ አለበስናቸው። ንግግር ተደረገ፣ ፎቶ ተነሣን። መምህሬ ወደ ድምፁ ፊታቸውን እየመለሱ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ። ከዚያ እዚያው ቁጭ እንዳሉ የአዲስ ሰብሳቢ ምርጫ ተጀመረ። ያው ዝምታ፣ ያው ብስኩት። ጸሐፊው ተነሥቶ እኔን ጠቆመ።

«ያን ጊዜ ልጅ ነበረች፣ ትቸኩል ነበር» አለ። «አሁን በስላለች።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አሉ። እኔ የደረሰብኝ ግን የተመኘሁት ነው፣ ያውም ጊዜው ካለፈ በኋላ። እናቴ ማክሰኝት ቤቷ ውስጥ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ አልጋ ላይ ውላለች። ከሥራ ስወጣ ወደዚያ ነው የምሮጠው፤ የማገላብጣት፣ የማጎርሳት እኔ ነኝ። ስብሰባ ቀርቶ ጠጉሬን የምሠራበት ጊዜ የለኝም። ተነሣሁና «አልችልም» አልኩ።

«ኧረ ይገባሻል!»

«የሚገባኝ አይደለም ያልኩት፤ ጊዜ የለኝም። እናቴ ታማብኛለች።»

ፈገግታ በየፊቱ ላይ ሲወጣ አየሁ። አይ ብስለት! አይ ለውጥ! ያ ያን ቀን ደረቱን የነካው ሰውዬ አሁንም ደረቱን ነካ። መምህሬ ያን ቀን የቆሙበት ቦታ ላይ ቆሜያለሁ፤ የምናገረው ቃል ሁሉ ከአፌ ወጥቶ ጆሯቸው ጋ ሲደርስ ሌላ ይሆናል። ብጮህ ትሕትና ነው፣ ባለቅስ ደግሞ የባሰ ትሕትና ነው። «እባካችሁ፣ አልችልም» አልኩ ሦስተኛ። እጆች ለጭብጨባ ሲነሡ አየሁ።

«ቆዩ» አሉ መምህሬ።

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ እኔ ድምፅ ዞሩ። «ልጄ፣ የምርሽን ነው?»

«የምሬን ነው መምህር።»

«የምሯን ነው» አሉ ለአዳራሹ። «ተዉአት።»

ተዉኝ። እንዲህ ቀላል ነገር ነበር። ቁጭ ስል ዕንባዬ መጣ፣ ሰው እንዳያየኝ ቦርሳዬን እንደሚፈልግ ሰው አጎነበስኩ።

ያን ጊዜ የአይከሉ ጠጋኝ እጁን አወጣ። «እኔ እፈልጋለሁ» አለ። ልክ እንደዚያን ቀኑ ሰዉ ተቁነጠነጠ። መምህሬ ግን አልጠበቁም፤ «እንዴት ነው የምትሠራው?» ብለው ጠየቁት። ከቦርሳው ሁለቱን ዕቃዎች አውጥቶ እንደ ልማዱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው። «ሁላችሁንም አንድ ጊዜ እሰማለሁ። ሁለት ጊዜ አልሰማም። ከዚያ እጅ ታወጣላችሁ። የተሸነፈው ወገን ዕቃው እስኪያልቅ ማገናኛ ይፈለግለታል። የሚከፋው በእኔ ይክፋው» አለና ተቀመጠ። ከእሱ አፍ ያን ያህል ቃል ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። እጆች ወጡ፤ አንዳንዱ እስከ ትከሻ ብቻ ነው የወጣው፣ ግን በቃ።

ደረጃው ወጣ። የሚጠመዘዘው አሸነፈ። ቆንጣጮቹ ተከፉ፣ ጥቂት ሰሞን ሰላምታ ነፈጉት፣ ከዚያ ረሱት። ዓለም አልፈረሰም። ያን ያህል ዓመት የፈራነው ነገር ይኸው ነበር።

ከአዲሶቹ ዕቃዎች አንድ ሬጉሌተርና አንድ የሲሊንደር አፍ ተውሼ አንድ ቅዳሜ ፀዳ ወዳለው የመምህሬ ቤት ሄድኩ። በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ሁለቱን ዕቃ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። አልጠየቁኝም። አንገቱን ዳሰሱ፣ አፉን ዳሰሱ፣ አገናኙና በጣታቸው ጫፍ ጠመዘዙት። ያለ ምንም ችግር ገባ።

«ገጠመ» አሉ፤ እንደ ልጅ ሳቁ። ደግመው ፈትተው ደግመው ገጠሙት።

ወደ ውስጥ ስንገባ ሥዕሎቹ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ አቧራ እንዳይነካቸው ልጃቸው በነጠላ ሸፍናቸዋለች። ገለጥኩ። ያለቁት የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ናቸው። የመጨረሻው ወረቀት ላይ የሕፃናት ማሞቂያ ተጀምሮ ግማሹ ነጭ ቀርቷል።

«መምህር፣ የቀረውን ይንገሩኝና እኔ ልጻፈው» አልኩ። የምር ነበር ያልኩት፤ እናቴን እያስታመምኩም ቢሆን ቅዳሜን አላጣም።

«ቃሉን እነግርሻለሁ» አሉ። «ሥዕሉን ማን ይሥለዋል?»

እኔ ብሎን እፈታለሁ እንጂ መሥመር እንኳ ቀጥ አድርጌ አላሰምርም። ሬጉሌተሩን ገና ከእጃቸው አላወጡትም።

«ያን ቀን» አሉ ቆይተው፣ «ሦስተኛ ጊዜ አልችልም ስላችሁ ፊታችሁን አንድ በአንድ አየሁት። አንድ ሰው 'የምርዎን ነው?' ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። አንቺንም አየሁሽ፤ ተቆጥተሽ ወደ መስኮቱ ዞረሽ ነበር። ያን ጊዜ እኮ ዓይኔ ገና ያይ ነበር።»